«በቅናሽ እኮ ነው!» ያላስፈለገንን ድስት ለምን እንገዛለን?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ድስት ነው። አዎ፣ ስለ ድስት፣ ስለ ሰሃን፣ ስለ ብርጭቆና ስለ ሲኒ። በመንፈሳዊ ጽሑፍ ላይ ስለ ድስት ምን ይወራል የሚል ወገን ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ባለፈው ጥር ወር ከባለቤቴ ጋር ጋራዣችንን ስናጸዳ ከጥግ ሦስት ካርቶኖች አገኘን። ሦስቱም አልተከፈቱም። በአንደኛው የማይጣበቅ የድስትና የመጥበሻ ስብስብ፣ በሁለተኛው ሃያ አራት የቡና ሲኒ፣ በሦስተኛው ደግሞ ኦቨን ውስጥ የሚገቡ የመስታወት ዕቃዎች ነበሩ። ደረሰኞቹ በየካርቶኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፈዋል። አንድ ቀን እመልሳቸዋለሁ ብዬ የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ፤ የመመለሻው ቀን ግን ካለፈ ቆይቷል። ባለቤቴ ሦስቱን ደመራቸውና 287 ዶላር ሆነ። ከየደረሰኙ ግርጌ ደግሞ «ዛሬ ይህን ያህል ቆጥበዋል» የሚል ጽሑፍ አለ። እሱንም ደመረው፤ 310 ዶላር። ከዚያ ሳቀና «ታዲያ የቆጠብነው 310 ዶላር የት ነው ያለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ኅዳር ላይ ቤተ ክርስቲያናችን በገጠር ለሚያገለግሉ ወንጌላውያን መደገፊያ የሚሆን የስጦታ ካርድ አድላ ነበር። በየወሩ ምን ያህል እንደምንሰጥ ጽፈን እንድንመልስ ነው። እኔ «ዘንድሮ ኪሳችን አልፈቀደም» ብዬ ካርዱን ባዶውን መለስኩ። በሲኒዎቹ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን ከዚያ እሑድ ቀጥሎ የሚውለው ዓርብ ነው። ልዋሽ አስቤ አልነበረም። ገንዘብ እንደሌለን በእውነት ይሰማኝ ነበር። ለሲኒው ግን ተገኘ።

ይህ ነገር በእኛ ቤት ብቻ ያለ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከኅብረት በኋላ እህቶች ስንጨዋወት «ይህን በስንት እንዳገኘሁት ገምቺ» የማይባልበት ቀን የለም። ወንድሞችም አትሳቁ። የእናንተ ድስት ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መብሺያና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለኮሰው የሥጋ መጥበሻ ነው። እኔ የማውቀውን የወጥ ቤቱን ልናገር።

የተሰረዘው ቁጥር

በቅናሽ ዕቃ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ የምንከፍለው ነው። ሌላው በቀይ መስመር የተሰረዘው፣ «ድሮ ይህን ያህል ነበር» የሚለው። የተሰረዘውን ቁጥር ማንም አይከፍለውም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለዚህ የሚያስገርም ነገር አሳትመዋል። ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር በሰዎች ፊት ያሽከረክራሉ። ሰዎቹ የሚያዩት ቁጥር አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ለአንዳንዶቹ 10፣ ለሌሎቹ 65 ይወጣል። ቀጥለው «በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካሉት አገሮች ከመቶ ስንቱ የአፍሪካ ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። መንኮራኩሩና ጥያቄው ምንም አይገናኙም። ሆኖም 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው 45 አሉ። ዓይናችን መጀመሪያ ያየው ቁጥር፣ ትርጉም የሌለው ቢሆንም እንኳ፣ ሐሳባችንን እንደ ካስማ ያስረዋል ማለት ነው። 240 ዶላር የሚል የተሰረዘ ቁጥር ያየ ሰው 119 ዶላርን ርካሽ ነው ይላል። ያንኑ ድስት 119 ዶላር ብቻ ተጽፎበት ቢያይ ኖሮ ምናልባት «ለድስት?» ብሎ ያልፍ ነበር።

ደግሞስ በዚያ በተሰረዘው ዋጋ ማን ገዝቶ ያውቃል? የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ፣ «የቀድሞ ዋጋ» ተብሎ የሚጻፈው ዕቃው ለበቂ ጊዜ በእውነት ለሕዝብ የቀረበበት ዋጋ መሆን አለበት ይላል። ቅናሹን ትልቅ ለማስመሰል ብቻ የተፈጠረ ዋጋ እንደ ማታለል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የሎስ አንጀለስ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ጄሲ ፔኒን፣ ሲርስን፣ ሜሲስንና ኮልስን የከሰሰው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ ጭነን እንዳንሄድ የሚያግደን አንድ ታሪክ አለ። ከእነዚሁ መደብሮች አንዱ የሆነው ጄሲ ፔኒ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከአፕል ኩባንያ የመጣ ሮን ጆንሰን የሚባል ሥራ አስኪያጅ ሾመ። ሰውየው በ2012 መጀመሪያ ላይ ኩፖኑንና የማያቋርጠውን ሴል አስቀርቶ ዋጋውን ከመነሻው ዝቅ አድርጎ ቁርጡን ይለጥፍ ጀመር። እውነተኛ ዋጋ ነው፣ ሽንገላ የለበትም። ሕዝቡ የሚደሰት ይመስላችኋል? ደንበኛው ጥሎ ሄደ። በዚያ የበጀት ዓመት የመደብሩ ሽያጭ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 13 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ፤ ኩፖኑም ተመለሰ።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ስለ መደብሩ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው የማስበው። እውነተኛው ዋጋ ሲነገረን አልወደድነውም። የተሰረዘው ቁጥር ናፈቀን።

የምንገዛው ድስቱን ነው ወይስ ደስታውን?

እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሪቻርድ ቴይለር ይህን ናፍቆት በደንብ አስረድቶታል። እንደ እርሱ አባባል አንድ ሰው ሲገዛ ሁለት ዓይነት እርካታ ያገኛል። አንዱ ከዕቃው የሚገኘው ነው፤ በድስቱ ወጥ መሥራት። ሁለተኛው ከግብይቱ ከራሱ የሚገኘው ነው፤ «በዚህ ዋጋ አገኘሁት!» የሚለው ደስታ። ሁለተኛው እርካታ ዕቃው ቤት ገብቶ ካርቶኑ ሳይከፈት እንኳ ይገኛል። እንዲያውም መኪና ውስጥ ገና እየነዳን እያለ ያልቃል። ቴይለር ስለ አንዲት ወዳጁ የጻፈውም ይህንኑ ያሳያል። ሴትዮዋ የአልጋ ልብስ ልትገዛ ሄደች። በሦስት መጠን የተዘጋጀው፣ በ200፣ በ250ና በ300 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሁሉ በ150 ዶላር ሆኖ ጠበቃት። ትልቁን ገዛች። አልጋዋ ግን ትንሹን የሚለብስ ነበር፤ ልብሱም በዙሪያው ተንጠለጠለ። እርሷ ደስ ብሏት ነበር።

ትቨርስኪና ካህነማን በ1981 ያሳተሙት ሌላ ጥናትም አለ። 15 ዶላር የሚያወጣ የሒሳብ ማሽን ልትገዙ ነው፤ የሃያ ደቂቃ መንገድ ብትነዱ በ10 ዶላር ይገኛል፤ ትሄዳላችሁ? ከተጠየቁት 68 በመቶዎቹ እንሄዳለን አሉ። ማሽኑ 125 ዶላር ቢሆንና እዚያ በ120 ቢገኝስ? እንሄዳለን ያሉት 29 በመቶ ብቻ ናቸው። የሚተርፈው አምስት ዶላር ያው አምስት ዶላር ነው። ልባችን ግን የሚቆጥረው ብሩን ሳይሆን ከመቶ ስንት እንደ ቀነሰ ነው። «70 በመቶ ቅናሽ» የሚለው ማስታወቂያ በትልቁ የሚጻፈው ለዚህ ነው። 70 በመቶ ተቀንሶለትም የማያስፈልገን ዕቃ 30 በመቶውን ከኪሳችን ይወስዳል።

መጽሐፈ ምሳሌ ይህን ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አይቶታል። በምሳሌ 20፥14 ገበያ ላይ የቆመ አንድ ገዢ አለ። ዕቃውን እያገላበጠ ያጣጥላል፣ ይራከሳል፤ ገዝቶ ሲሄድ ደግሞ ይኮራል። ቃሉ ሰውየው ምን እንደ ገዛ እንኳ አይነግረንም። ድስት ይሁን በሬ፣ ከግዢው በኋላ የቀረለት ነገር ኩራቱ ነው። ያ ሰው ዛሬ በቡና ሰዓት «ገምቺ በስንት እንዳገኘሁት» የምትለዋ እኔ ነኝ።

ሌሎቹን ዘዴዎች ባጭሩ ልጥቀስ። «ሃምሳ ዶላር ከገዙ የአሥር ዶላር ኩፖን» የሚለው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰን እንድንመጣ ነው። የማድረሻ ሰባት ዶላር ላለመክፈል የአሥራ ሁለት ዶላር ጭልፋ የምንጨምር አለን። በስልካችን ላይ የሚቆጥረው ሰዓት ያስፈራራናል፤ ቅናሹ ግን በሚቀጥለው በዓል በሌላ ስም ይመለሳል። ከሁሉ የሚያስቀኝ «12 ዕቃ ያለው ስብስብ» የሚለው ነው። ክዳኑ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም የፕላስቲክ ማንኪያው። አሥራ ሁለት ድስት የመሰለን ተቆጥሮ ሲወጣ የሚጣደው ስድስት ወይም ሰባት ነው። ከእነርሱም አንዱ አንድ እንቁላል የሚጠበስበት ነው።

ደግሞ ብዙዎቹ ስብስቦች ለእኛ ወጥ የተሠሩ አይደሉም። የማይጣበቀው ሽፋን ባዶውን ከፍተኛ እሳት ላይ ሲቆይ (ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ) መበላሸት ይጀምራል፤ በብረት ጭልፋም ይፋቃል። እኛ ደግሞ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አስቀምጠን ለረጅም ሰዓት የምናቁላላ ሕዝብ ነን። ወፍራም ታች ያለው አንድ ጥሩ ድስት ከአሥራ ሁለቱ ይበልጥብናል። በአንጻሩ በአሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግርበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተመልከቱ። እርሱ ኖርዌጅያውያን ሌፍሳ የሚሉትን ከድንች የሚሠራ ስስ ቂጣ ለመጋገር የተሠራ ዕቃ ነው፤ ወገኖቻችን አይተው ለእንጀራ ይሆናል አሉ። ብዙም ቅናሽ የማይደረግበት ዕቃ ነው። ግን በየሳምንቱ ይሠራል፤ ጋራዥ ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት የተቀመጠ አይቼ አላውቅም።

«ለእንግዳ ነው»

እስካሁን ያልኩት ማንንም ሰው ይመለከታል። እኛ ሐበሾች ደግሞ የራሳችን ምክንያቶች አሉን፤ መልካም ስለሚመስሉም ለመመርመር ያስቸግራሉ።

የመጀመሪያው እንግዳ ነው። እንግዳ መቀበል መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ ከእናቶቻችንም የወረስነው ነው። ስለዚህ ሃያ አራት ሲኒ ስገዛ ለራሴ እንደ ገዛሁ አልተሰማኝም። ለኅብረቱ ነው፣ ለልጆቹ ምርቃት ነው፣ ድንገት ሰው ቢመጣስ? እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን ባለፈው ዓመት በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ ቤታችን ቡና የጠጣው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ በነበሩን ሲኒዎች ተጠጥቷል፤ ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ታጥበው ተመልሰው ቀርበዋል። ማንም አልተቀየመም።

ሁለተኛው አገር ቤት ነው። «ለእማማ እልከዋለሁ።» ይህም ፍቅር ነው፤ አላቃልልም። ነገር ግን ሻንጣው ሃምሳ ፓውንድ ነው። ድስቱ ከነካርቶኑ ስንት ይመዝናል? እናቴን አንድ ጊዜ በስልክ ምን ልላክልሽ ብዬ ብጠይቃት የጉልበት ቅባትና የንባብ መነጽር አለችኝ። እኔ የላክሁላት የኬክ መጋገሪያ ነበር። ቡፌው ላይ አስቀምጣዋለች። እናቴ ኬክ ጋግራ አታውቅም።

ቡፌን ካነሳን አይቀር፤ ያደግንበት ቤት ቡፌ ውስጥ ልጅ የማይነካው ብርጭቆ ነበር። ለታላቅ እንግዳ ተብሎ ይቀመጣል፣ ለፋሲካ ይወለወላል፣ ተመልሶ ይገባል። ያ ብርጭቆ ብዙ ዋጋ ስለ ነበረው ተጠበቀ። በዚያ ትዝታ ያደገ ሰው ብርጭቆ በቅናሽ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ አያስደንቅም። በልጅነታችን ያጣነውን ነው የምንገዛው ያሉኝ አንዲት እናት አሉ። እኔም ስለዚህ እህቶቼን መውቀስ ይከብደኛል።

ነገር ግን ያው ያደግንበት ሰፈር ሌላም ነገር አስተምሮናል። እድር። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲሆን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ ሰሃኑና ብርጭቆው ከእድሩ ይመጣ ነበር። አንድ ቤት መቶ ሰሃን አይገዛም። ሰፈሩ አንድ ጊዜ በጋራ ይገዛና ቤት ለቤት ይዞራል። ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤ የሰበረ ይከፍላል። እናቶቻችን ከጎረቤት ሙቀጫና ወንፊት መዋስን አያፍሩበትም ነበር። እዚህ ስንመጣ ግን ጎረቤት ጠፋና እያንዳንዳችን በየቤታችን የአንድ እድር ዕቃ ማከማቸት ጀመርን።

በ2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችውን መበለት ታስታውሷት ይሆናል። ባሏ ሞቶ ባለ ዕዳ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ኤልሳዕ በቤትሽ ምን አለ ሲላት ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም የለኝም አለች። ነቢዩ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ዕቃ እንድትዋስ፣ ያውም ጥቂት እንዳይሆን ነገራት። (አንዲት ወዳጄ በዚህ ክፍል ላይ «ኤልሳዕም ዕቃ አታሳንሺ ብሏል» እያለች ትቀልዳለች።) ዘይቱ ዕቃው እስኪያልቅ ድረስ ፈሰሰ። ዕቃው ግን የተዋሰችው ነበር። ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ በተረፈው ከልጆቿ ጋር ኖረች። ባዶውን ዕቃ የሰጧት ጎረቤቶች ስማቸው አልተጻፈም፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ ማሰሮ ታምራቱ የሚቀዳበት አልነበረውም። እኛ ብዙ ጊዜ የዚህችን ሴት መንገድ ገልብጠን ነው የምንሄደው፤ ዕቃውን ለመግዛት ዕዳ እንገባለን። በአሜሪካ የብዙ ክሬዲት ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 200 ዶላር የተገዛ ስብስብ ዓመቱን ሙሉ ሳይከፈል ቢቆይ ወለዱ ብቻ አርባ ዶላር ይደርሳል፤ ቅናሹ ተመልሶ ወደ ባንኩ ሄደ ማለት ነው።

ስለ ልብ

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደሚከብደው ልምጣ። ካርቶኖቹ ጋራዥ ጥግ ለምን ተቀመጡ? ወጥ ቤት ቦታ ስላልነበረ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ እንዳያያቸው ነው። ከመኪናው ያወረድኳቸው እርሱ ሥራ እያለ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ኢያሱ 7፥21ን ሳነብ ራሴን አይቼበታለሁ። አካን የተናዘዘበት ቅደም ተከተል አራት ነው፤ አየ፣ ተመኘ፣ ወሰደ፣ በድንኳኑ መሬት ውስጥ ሸሸገ። እኔ የወሰድኩት እርም አይደለም፣ በገንዘቤ ነው የገዛሁት። መንገዱ ግን ያው ነው። አንድን ዕቃ መደበቅ የጀመርኩበት ሰዓት ዕቃው ሌላ ነገር ሆኖብኛል ማለት ነው። ጌታ በሉቃስ 12፥15 ከመጎምጀት ሁሉ እንድንጠበቅ ሲያስጠነቅቅ የተናገረው ለሀብታም ብቻ አይመስለኝም፤ በርስት ክፍያ ለተጣሉ ወንድማማቾች መልስ ሲሰጥ ነውና። በባልና ሚስት መካከል አንድ ያልተነገረ ደረሰኝ ካለ፣ ዋጋው ሃያ ዶላርም ቢሆን፣ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም።

የማርታንም ነገር አስባለሁ (ሉቃስ 10፥38-42)። ጌታ ማርታን ምግብ ስለ ሠራች አልወቀሳትም። በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው ያነሳባት። ዕቃ በበዛ ቁጥር የሚታጠበው፣ የሚደረደረው፣ ቦታ የሚፈለግለት ይበዛል። ለእንግዳ ብለን የገዛነው ዕቃ ከእንግዳው ጋር የምንቀመጥበትን ሰዓት ይበላል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ወደ እህታችሁ ቤት ሄዳችሁ ቁም ሣጥኗን እንዳትቆጥሩ አደራ። በዮሐንስ 12 ማርያም በውድ ሽቱ የጌታን እግር ስትቀባ ዋጋውን ያሰላ፣ ለድሆች ቢሰጥ ኖሮ ያለ ሰው ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ሦስት መቶ ዲናር። ልቡ ግን የሌባ ነበር። አንዷ እህት ቆንጆ ሰሃን ትወዳለች፣ ትጠቀምበታለች፣ ሰው ትጋብዝበታለች፤ እግዚአብሔር ይባርክላት። ድስቷ ያረጀባትም በቅናሽ ብትገዛ ብልህነት ነው። ልባም ሴት በምሳሌ 31 ነጋዴ ናት፤ እርሻን ተመልክታ ትገዛለች። ተመልክታ ነው ታዲያ። ቅናሹ ወደ ገበያ ከጠራን ችግር ነው፤ የሚያስፈልገን ዕቃ ጠርቶን ቅናሽ ቢያጋጥመን ግን ምስጋና ነው።

እኛ ምን እንዳደረግን

ከጥር ወዲህ በቤታችን የምናደርገውን ልናገር፤ ለሌላው ሕግ ይሁን ማለቴ አይደለም። ወጥ ቤት በር ላይ አንድ ወረቀት ሰቅለናል። የሚያስፈልግ ዕቃ ሲኖር፣ ለምሳሌ የጀበናው አፍ ሲሰበር፣ እዚያ ላይ ይጻፋል። ወረቀቱ ላይ የሌለ ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ወር ይቆያል። በወሩ መጨረሻ አብዛኛውን ምን እንደ ነበረ እንኳ አላስታውሰውም። ከመደብሮቹ ይመጡልኝ የነበሩትን ማስታወቂያዎችም ከስልኬ አቋረጥኩ፤ ከሁሉ የረዳኝ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም፣ ያላየሁትን አልመኝምና። ዋጋ ሳይም የተሰረዘውን ቁጥር በጣቴ ሸፍኜ «ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ ፈልጌ እመጣ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ሲያየኝ ያስቃል።

አንድ ጊዜ ተሸንፌአለሁ። መጋቢት ላይ የአትክልት መክተፊያ ገዛሁ። ግን ለባለቤቴ በዚያው ቀን ነገርኩት፤ በማግሥቱም መለስኩት።

የጋራዡን ነገር ለመጨረስ፣ የድስቱን ስብስብ በቅርብ ከአገር ቤት ለመጡና ባዶ አፓርትመንት ለገቡ ባልና ሚስት ሰጠናቸው። ሚስቲቱ ካርቶኑን ስትከፍት አለቀሰች፤ እኔም ሌላ ምክንያት ነበረኝና አብሬ አለቀስኩ። ሲኒዎቹ ለቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት ሄዱ። አሁን ኅብረት ያላት እህት ሁሉ ስሟን መዝገብ ላይ እየጻፈች ትዋሳቸዋለች፤ እስካሁን የተሰበረው ሁለት ነው። የመስታወቱን ዕቃ አስቀርተነዋል፤ ዓሣ ይሠራበታል።

ስጦታ የሚሰበስበውን ወንድም ደግሞ ፈልጌ አዲስ ካርድ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ባለቤቴ 287ን ለአሥራ ሁለት አካፈለውና በወር 24 ዶላር ብሎ ጻፈ።